ድንች፣ ካሮትና ንጹሑ አፍንጫ

አንዱ በጥርሱ ይኮራል፣ ሌላው በቁመቱ፤ እትዬ ጥጥ ግን የምትኮራው በአፍንጫዋ ነበር። ቆንጆ ሆኖ አይደለም፤ ኧረ እሷም ቆንጆ ነው አትልም! መሀሉ ላይ ጎበጥ ያለ፣ ለመነጽር የሚመች ተራ አፍንጫ ነው። ኩራቷ ሌላ ነው፤ ያ አፍንጫ ጉንፋን ይዞት አያውቅም። ሰፈር ምድሩ ሲያስነጥስ፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሶፍት ታቅፎ ሲውል፣ እሷ ጥርስ በጥርስ ሆና "ይማራችሁ! ይማራችሁ!" እያለች በመሀላቸው ታልፋለች። እነሱም "ያኑርሽ" ይሏታል፤ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በቅናት።

ሥራዋም ያው ከአፍንጫ ጋር ነው። የጉንፋን ቫይረሶች በሚጠኑበት ላቦራቶሪ ናሙና ሰብሳቢ ናት። ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበትን ረጅም እንጨት ሰው አፍንጫ ውስጥ ታስገባለች፣ ታሽከረክራለች፣ ታወጣለች። "እትዬ ጥጥ" ያሰኛትም ይኸው ነው። ጥጡ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ወሬዋን ስለማታቋርጥ ሰው እንባው እየወረደ ይስቃል። ከዚያ ጥጡ ወደ ቱቦ፣ ቱቦው ወደ ማሽን። ማሽኑ ደግሞ የቫይረሱን የዘር ፊደላት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበንበዋል።

"ጉንፋን አንድ በሽታ እንዳይመስልህ" ትላለች፣ ተራ ለሚጠብቀው ሁሉ። "ስሙ ነው አንድ። ዓይነቱማ ከመቶ ይበልጣል! ሰውነትህ የዛሬውን ለይቶ ሲያውቀው፣ የሚቀጥለው ሌላ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ለዚህ ነው ዕድሜህን ሙሉ የምታስነጥሰው። ደግሞ ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ የሚጣደፍ ጸሐፊ ነው፤ ፊደል ይስታል። ስህተቱን ልጁ ይወርሳል፣ የልጅ ልጁ የራሱን ይጨምርበታል። እኛ ስህተቱን እያየን ማን ከማን እንደተወለደ እናውቃለን። በል ቀና በል፣ አፍንጫህን አምጣ!"

ማን ከማን እንደተወለደ የሚያሳየውን የዘር ዛፍ በኮምፒዩተር የምትሠራው የገዛ ልጇ ናት። ሚጣ ይሏታል፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ተመርቃ፣ አሁንም ሚጣ። አባቷ ገና ተማሪ ሳለች ነው ያረፈው፤ ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። ሚጣ እናቷን የምትጠብቃት እንደ ዓይኗ ብሌን ነው። "ምሳ በላሽ? ሹራብ ያዝሽ? ለምን ዘገየሽ?" ከሁለቱ እናቲቱ የትኛዋ እንደሆነች እንግዳ ሰው ቢጠየቅ ይሳሳታል።

ሚጣ ገና ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበረች። ኮሚቴ ይመጣል፣ ዛፏን ያያል፣ ከወደደው ቋሚ ያደርጋታል፣ ካልወደደው በደህና ሂጂ ነው። ይህን ሥራ እንዴት እንደፈለገችው! ስለ እሱ ሳታወራ ያመሸችበት ቀን የለም። እናቷም እንቅልፍ አጥታለች፤ እሷ የልጇን ያህል ስለ ምንም ነገር ተጨንቃ አታውቅም።

አሁን ስለ አትክልቱ ልንገራችሁ። የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሩ፣ ቁጥር ይምታታል የሚል እምነት አላቸው። ስለዚህ ጥጥ የሚወሰድለት ሰው ሁሉ የአትክልት ስም ይሰጠዋል። ቱቦው ላይ የሚለጠፈው ያ ስም ብቻ ነው። አንዱ ጎመን ነው፣ አንዷ ቀይ ሥር ናት፣ የጥበቃው አለቃ ሳያውቁት ነጭ ሽንኩርት ናቸው። ማን ምን እንደሆነ የምታውቀው እትዬ ጥጥ ብቻ ስትሆን፣ ላትናገር ምላለች። ሚጣ እንኳ የራሷን አታውቅም። ካሮት ናት።

ከአትክልቶቹ ሌላ አንድ ቱቦ አለ፤ "ንጹሑ" ይባላል። ማሽኑ እንዳይዋሽ፣ በየዙሩ ቫይረስ የሌለበት ናሙና አብሮ ይገባል፤ እዚያ ላይ ምንም ካልተገኘ ሥራው ንጹሕ ነው ማለት ነው። ሌላው ዓለም ለዚህ ውሃ ይጠቀማል። ፕሮፌሰሩ ግን "ውሃ አፍንጫ የለውም፤ እውነተኛ አፍንጫ ያስፈልገናል" አሉ። ዞር ዞር ብለው የማን አፍንጫ ላይ ዓይናቸው ያረፈ ይመስላችኋል? ጉንፋን ይዟት በማያውቀው በእትዬ ጥጥ ላይ! ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዙሩ መስታወት ፊት ቆማ የራሷን አፍንጫ በራሷ ጥጥ ታዞራለች፣ "ንጹሕ" የሚለውን ወረቀት ትለጥፋለች። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ባለበት ቤት፣ የማያስነጥስ አፍንጫም ቫይረስ ሊኖርበት ይችላል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ስለ ሌላው ሰው አፍንጫ ቢሆን ሁሉም ያውቁታል።

የዚያ ሰሞን ደግሞ እትዬ ጥጥ በፍቅር አብዳ ነበር።

ምን ይደረግ! ሕንጻው ያረጀ ነው፣ ሊፍቱም ያረጀ ነው፤ አንድ ቀን በሁለት ፎቅ መሀል ይዟት ቆመ። ሊፍት ሠሪው መጣ። በሩን ፈልቅቆ በጠባቡ ክፍተት "አይዞሽ እመቤቴ፣ ትፈሪያለሽ?" አላት። "የምፈራውስ ወሬ የሚያወራኝ ሰው እንዳላጣ ነው" አለችው። እሱም ወለሉ ላይ ተቀምጦ ያወራት ጀመር። ሊፍቱ የተሠራው ወሬው ካለቀ በኋላ ነው፤ ወሬው ደግሞ ቶሎ አላለቀም። ከዚያ ወዲህ ያ ሊፍት የሚበላሽበት ነገር አበዛ። ሊፍት ሠሪው ይመጣል፣ ጣሪያው ሥር ያለው የሞተር ክፍል ውስጥ በፔርሙስ ሻይ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ይሳሳቃሉ። ባል የሞተባት ትልቅ ሴት፣ የፀጉሯን ሽበት ትቆጥር የነበረች ሴት፣ ደረጃውን እንደ ኮረዳ እየዘለለች ትወጣ ጀመር። መጀመሪያ ጥጥ የወሰደችለት ዕለት ድንች ብላ ሰየመችው።

አንድ ቀን አፍንጫው ቀልቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አገኘችው። "አትጠጊኝ፣ ጉንፋን ይዞኛል" አላት። "እኔን? ጉንፋን? እኔን አይደፍረኝም!" አለችና ጉንጩን ይዛ ሳመችው፤ በደንብ ሳመችው። ከሁለት ቀን በኋላ የእሱን ጥጥ ወሰደች፤ በዚያው ዙር እንደ ልማዷ የራሷንም አዞረች። ሳምንት ሳይሞላ ቤት ውስጥ ሚጣ ታስነጥስ ጀመር። እናት ሆዬ ምንም አልመሰላትም፤ ሾርባ ሠርታ ሰጠቻትና ጥጧን ወሰደችላት።

ለሚጣ ስለ ሰውየው አልነገረቻትም። ልጅቷ በየሳምንቱ የአባቷን ፎቶ መስታወት ስትወለውል እያየች፣ በምን አፏ ትንገራት? ነገ ዛሬ ስትል ይኸው ጊዜው ሄደ።

ኮሚቴው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሚጣ ናሙና ክፍል ውስጥ በሩን በርግዳ ገባች። ፊቷ በደስታ በርቷል።

"እማዬ! ጉድ ልንገርሽ! ድንች ፍቅረኛ አለው!"

እትዬ ጥጥ የያዘችው ቱቦ ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። "ማ... ማነው ድንች?"

"እኔ ምኑን አውቃለሁ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው! ስሚኝ ብቻ። ድንች ላይ ያለው ቫይረስ እዚህ ሕንጻ ውስጥ ማንም ላይ የለም። ከካሮት በስተቀር! ግን ካሮት ላይ ሁለት ፊደል ተለውጧል። በአንዴ አይመስለኝም። በመሀል አንድ ሰው አለ፤ ከድንች የተቀበለ፣ ለካሮት ያቀበለ። ድንች አንዷን ስሟል፤ ሙች እልሻለሁ ስሟል!"

"ላይስማት ይችላል" አለች እናት፣ ጥጥ የምትደረድር መስላ። "ምናልባት... እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ይሆናላ።"

"ውይ እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ነፍስ የለሽም! እኔ ግን ያቺን መሀለኛ ሳላገኛት እንቅልፍ አይወስደኝም።" እየሳቀች ወጣች።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእትዬ ጥጥን ለማውጣት ብቅልም አላስፈለገ፤ ንፍጥ በቃ። ወንበሯ ላይ ዘጭ አለችና አፏን በጓንት እጇ ይዛ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ፈራች፣ ደግሞ ሳቀች። "መሀለኛዋ" ምናምን ሊገኝባት እንደማይችል ግን እርግጠኛ ነበረች፤ እሷ እኮ ጉንፋን አይይዛትም።

በማግስቱ ጉድ ፈላ። ሚጣ እኩለ ቀን ላይ መጣች፤ የትናንቱ ሳቅ የለም።

"አለቀልኝ እማዬ። ንጹሑን ገና ዛሬ ነው ያየሁት፤ ቫይረስ ተገኘበት።"

"የትኛው ንጹሕ?"

"ያንቺው ነዋ! ድንች በገባበት ዙር የገባው። አንዱ ቱቦ ወደ ሌላው ፈሶ ነው፤ ሁሉም ተበክሏል። ፕሮፌሰሩ 'ንጹሑ ከቆሸሸ ሁሉም ቆሽሿል፣ ዙሩ በሙሉ ይጣል' አሉ። ዛፌ ያለ እሱ ምንም አይደለም። ነገ ኮሚቴው ፊት ምን ይዤ ልቁም?"

እትዬ ጥጥ ክው አለች። ልጇን አቅፋ አባበለቻት፣ ሸኘቻት፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ማሽኑ ጋ ሄደች። ነገሩን ከሥሩ ውሃውን ከጥሩ ነው። ማሽኑ የንጹሑን ፊደላት አንብቦ ሲያበቃ፣ ከድንች አጠገብ አስቀምጣ አየቻቸው። ሁሉም አንድ ነው፣ ከአንዲት ፊደል በቀር። ካሮትን አመጣች። ያቺው ፊደል ካሮት ላይም ተለውጣለች፤ በላይዋ ላይ ደግሞ አንድ አዲስ ለውጥ አለ።

መሀለኛዋ ተገኘች። መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ መልሳ አደረገች፤ ያው ነው። ቱቦ አልፈሰሰም። ቫይረሱ ከድንች ወደ እሷ አፍንጫ ገብቶ፣ እዚያ ተባዝቶ፣ አንዲት ፊደል ስቶ፣ ወደ ልጇ አልፏል። ያ የምትኮራበት አፍንጫ!

ዝም ብትል የልጇ ሥራ ገደል ገባ። ብትናገር ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሚጣም ፊት፣ የማን ጉንፋን አፍንጫዋ ውስጥ እንደገባና እንዴት እንደገባ መናገር አለባት። ደረጃውን እየሮጠች ወጣችና ለሊፍት ሠሪው አወራችው። እሱ በሳቅ ሞቶ ሊነሳ ነው።

"አትሳቅ! ድንች ማን እንደሆነ ላልናገር ምያለሁ። ካልፈቀድክልኝ ስምህን አላነሳም።"

"እኔንማ ከፈለግሽ በማይክሮፎን ጥሪኝ" አላት። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገ። "ልጅሽ ግን ብትቀየምሽስ?"

"እሱን ነው የምፈራው" አለች፤ ሻዩንም ሳትጠጣ ወረደች።

በነጋታው አዳራሹ ሙሉ ነው። ኮሚቴው ፊት ለፊት ተደርድሯል፤ ሰብሳቢዋ ቆፍጠን ያሉ ሴትዮ ናቸው። ሚጣ ጥግ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል። ፕሮፌሰሩ ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"በናሙና መበከል ምክንያት የዛሬው ገለጻ..."

"አልተበከለም!"

ሁሉም ዞሮ አያት። እትዬ ጥጥ ከኋላ ወንበር ተነስታ ቆማለች።

"እትዬ ጥጥ፣ ንጹሑ ላይ እኮ ቫይረስ ተገኝቷል" አሉ ፕሮፌሰሩ በትዕግሥት።

"ተገኝቷል። አፍንጫዬ ውስጥ ስለነበረ ነው የተገኘው።"

"አንቺን እኮ ጉንፋን አይይዝሽም!"

"እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ይይዘኛል ፕሮፌሰር! እየመጣ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ አርፎ፣ ሳይሰናበት የሚሄድ ነው እንጂ አይቀርማ። የማያስነጥስ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ ሌላውን ሰው ስንመረምር ይህን እናውቃለን፣ የእኔ አፍንጫ ላይ ሲደርስ ግን ሁላችንም ረሳነው። ተመልከቱ፤ ከድንች ቱቦ ፈስሶብኝ ቢሆን ኖሮ ፊደሉ ቁርጥ ድንችን ነበር የሚሆነው። አይደለም፤ አንዲት ፊደል ተለውጣለች። ካሮት ደግሞ በሌላ ዙር፣ በሌላ ቀን የገባ ነው፤ ያቺን የእኔን ፊደል ይዟል፣ የራሱንም ጨምሯል። ድንች፣ ቀጥሎ እኔ፣ ቀጥሎ ካሮት። ይህ መበከል አይደለም፤ ይህ ትውልድ ነው!"

ፕሮፌሰሩ ቀስ ብለው ወደ ስክሪኑ ዞሩ፣ ፊደላቱን አንድ በአንድ አዩ፣ ከዚያ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ጠፍ አደረጉ። "ወይ እኔ! ውሃው ይሻል ነበር" አሉ።

ሰብሳቢዋ ግን ገና አልለቀቋትም። "ይቅርታ እመቤት፤ ይህ ቫይረስ ሕንጻው ውስጥ ሌላ ማንም ላይ የለም። ከድንች ወደ እርስዎ በምን መንገድ ተላለፈ?"

እትዬ ጥጥ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ልጇን አየቻት። ትንፋሽ ወሰደች።

"ስሜው ነው።"

አዳራሹ ተናጋ! አንዱ ያፏጫል፣ አንዷ ታጨበጭባለች፣ የጥበቃው አለቃ "እሰይ!" ብለው ቆሙ። ይባስ ብሎ ከበሩ በኩል፣ ጠመንጃ መፍቻውን እንደያዘ፣ አንድ ሰው እጁን እንደ ተማሪ አወጣ። "ድንቹ እኔ ነኝ" አለ ሊፍት ሠሪው። ሳቁ ጣሪያ ነካ።

ሚጣ ብቻ አልሳቀችም። ሰውየውን አየችው፣ እናቷን አየቻት፣ ስክሪኑን አየች። ጣቷን ስታንቀሳቅስ ታይታለች፤ ቀን የምትቆጥር ትመስላለች።

"ቆይ" አለች ቀስ ብላ። "ያን ሳምንት ቤት ውስጥ ያስነጠስኩት እኔ ነኝ። ካሮት እኔ ነኝ?"

እናቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

"እማዬ! ሰውየውን ሳታስተዋውቂኝ ጉንፋኑን ሰጠሽኝ?"

ከዚያ በኋላ አዳራሹን ዝም ለማሰኘት ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛ መደብደብ ነበረባቸው። ሚጣ ግን እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ኮምፒዩተሩ ጋ ቀረበች፤ በድንችና በካሮት መሀል ባዶ በነበረው ቦታ ላይ "ንጹሑ" ብላ አስገባችና ገለጻዋን ጀመረች። ድምጿ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጠራ፣ ከዚያ እንደ ወንዝ ወረደ። ሲያበቃ ሰብሳቢዋ አጠገባቸው ካሉት ጋር አንድ ሁለት ቃል ተነጋገሩ፤ "የሚያጠራጥር ነገር የለም፤ ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ነሽ" አሏት።

እትዬ ጥጥ እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን ሚጣ ማንንም ሳታይ በበሩ ወጣች፤ እናት እግር በእግር ተከተለቻት። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ መስኮቱ ጋ ደረሰችባት።

"ለምን ደበቅሽኝ?" አለች ሚጣ ሳትዞር።

"ፈራሁ ልጄ። አባትሽን የረሳሁ እንዳይመስልሽ ፈራሁ። አልረሳሁትም። ግን ይኼንን ሰው እወደዋለሁ፣ ምን ልበልሽ።"

ሚጣ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ሳቅና ልቅሶ ተደባልቀውበታል።

"እኔም ደብቄሻለሁ" አለች። "ሩቅ አገር ያለ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ፣ መጥተሽ ተማሪ ብሎኛል። መልስ ሳልሰጣቸው ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ይህን ሥራ እንዲህ የለመንኩት ሥራውን ወድጄ ብቻ መስሎሽ ነው? አንቺን ለማን ጥዬሽ ልሂድ? ብቻሽን ማታ ማታ ስትቀመጪ እየታየኝ..." አልጨረሰችውም።

እትዬ ጥጥ አሁን ገባት። እሷ ልጇን እንዳታስከፋ ደረጃ ለደረጃ ስትደበቅ፣ ልጅ ለካ እሷን እንዳትተዋት ብላ የራሷን ዕድል በእጇ አንቃ ይዛ ኖራለች። አንዲት ቃል ቀድማ ብትናገር ሁለቱም ይድኑ ነበር። የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች፤ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፣ ሁለቱም ይስቁ ነበር።

"ዛሬውኑ መልሺላቸው" አለቻት። "ሂጂ ልጄ። እኔ ሰው አለኝ።"